የገፋ ፓርኪንሰን ያለበትን ሰው ቤት ውስጥ ማስታመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፓርኪንሰን ሲጀምር ሥራው በአብዛኛው የታማሚውና የሐኪሙ ነው። ሲገፋ ግን ሕክምናው ቤት ይገባል። ኪኒን የሚያስውጠው፣ ከአልጋ የሚያነሳው፣ ሌሊት የሚያገላብጠው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ እነዚህን መልሶች የጻፍኩት ለአስታማሚው ነው። የመድኃኒት መጠን መጨመርና መቀነስ የሐኪሙ ድርሻ ሆኖ ይቆይ። የቀረው አብዛኛው ነገር በእናንተ እጅ ነው።

በሽታው «ገፍቷል» የሚባለው መቼ ነው?

ሐኪሞች ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀሙበት ባለ 5 ደረጃ መለኪያ አለ። በአዘጋጆቹ ስም «ሆን እና ያር» ይባላል። 4ኛው ደረጃ ላይ ታማሚው መቆምና ትንሽ መራመድ ይችላል፤ ብቻውን መኖር ግን አይችልም። 5ኛው ላይ ሰው ካላገዘው ከወንበር ወይም ከአልጋ አይነሳም። ቁጥሩ ላይ ግን ብዙ አትጨነቁ። ቤት ውስጥ የሚታየው ሌላ ነው፦ መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ ያልቅበታል፣ ይወድቃል፣ ምግብ ያንቀዋል፣ የሌለ ነገር ያያል። ከነዚህ ሁለት ሦስቱ ከመጡ አያያዙ መቀየር አለበት።

መድኃኒቱ ድሮ ቀኑን ሙሉ ይይዘው ነበር። አሁን ሦስት ሰዓት እንኳ አይቆይም። ተላምዶት ነው?

አይደለም። ፓርኪንሰን ላይ የሚሞቱት ዶፓሚን (ሰውነት እንዲንቀሳቀስ የሚያግዝ ኬሚካል) የሚሠሩ የአንጎል ሕዋሳት ናቸው። ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ ወደ አንጎል ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይቀየራል፤ የቀሩት ሕዋሳት ደግሞ ያጠራቅሙታል። ሮቶ ያለው ቤት ውኃ ቢጠፋም እንደማይቸገረው ማለት ነው። በሽታው ሲገፋ ሮቶው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ውኃ የሚኖረው ቧንቧው ሲመጣ ብቻ ነው። ሌቮዶፓ ደግሞ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ይቀንሳል።

ለዚህ ነው ታማሚው አንዴ ደህና ሆኖ አንዴ ድርቅ የሚለው። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከፍ ሲል ደግሞ ሰውነቱ ሳይፈልግ ይወራጫል፣ አንገቱ ይዞራል። ቤተሰብ ይህን መወራጨት ሲያይ «በሽታው ተነሳበት» ብሎ ሌላ ኪኒን ይጨምራል። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መድኃኒቱ ሲበዛ ነው።

ሐኪሙ ሊያደርግ የሚችለው አለ፦ መጠኑን ከፋፍሎ ቶሎ ቶሎ መስጠት፣ ወይም የሌቮዶፓን ዕድሜ የሚያራዝም ሌላ መድኃኒት መጨመር። ይህን ለመወሰን ግን መረጃ ይፈልጋል። ለሦስት ቀን ያህል ደብተር ያዙ። ስንት ሰዓት ዋጠ፣ ስንት ሰዓት መንቀሳቀስ ጀመረ፣ መቼ ተወራጨ፣ መቼ ደረቀ። በስልክ አጭር ቪዲዮም አንሱ። ክሊኒክ ውስጥ በአሥር ደቂቃ የማይታየውን ነገር ቪዲዮው ያሳያል።

ሰዓቱ ላይ ይህን ያህል ማክረር ያስፈልጋል?

አዎ። ገፍቶ ሲሄድ የግማሽ ሰዓት መዘግየት እንኳ አንድን ሰው ከሚራመድ ሰው ወደማይንቀሳቀስ ሰው ይቀይረዋል። ሁሉንም ነገር ብትረሱ ይህችን አትርሱ።

ልጆች ውጭ አገር ባሉበት ቤት በተደጋጋሚ የሚፈጠር ችግር አለ። ልጅየው ከአሜሪካ መድኃኒት ይልካል። ካርቶኑ ላይ «8:00፣ 12:00፣ 4:00» ብሎ በእስክሪብቶ ይጽፋል። አዲስ አበባ ያለችው አስታማሚ 8 ሰዓት የምታነበው ከቀኑ 8 ሰዓት ብላ ነው። እሱ ያለው ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ኪኒን ስድስት ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። ስለዚህ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፉ፣ «ጠዋት» «ቀን» «ማታ» የሚለውንም ጨምሩበት። የስልክ አላርም ሙሉ፤ አስታማሚዋ ካልቻለች ደውላችሁ አስታውሱ።

ሌላው የመጠን ጉዳይ ነው። የካርቢዶፓ (ሌቮዶፓን የሚያግዝ መድኃኒት) እና የሌቮዶፓ ኪኒን 25/100 አለ፣ 25/250ም አለ። ሁለተኛው ቁጥር ሌቮዶፓው ነው። አገር ቤት 25/250 ይወስድ የነበረ ሰው 25/100 ሲላክለት «አንድ ኪኒን» ብላችሁ ብቻ ከቀጠላችሁ መጠኑ ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ከሆነ ደግሞ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ቁጥሩን አንብቡ። በተለይ ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት አትፍጩት፣ አታድቅቁትም። ተፈጭቶ ሲገባ የሰዓታት መድኃኒት በአንዴ ይለቀቃል።

ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም አንድ ሰዓት በኋላ። ፕሮቲንና ሌቮዶፓ በአንጀትም ወደ አንጎል በሚገቡበትም በር ይጋፋሉ። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሽሮ፣ ምስርና ክክም ፕሮቲን ናቸው፤ የፆም ምግብ ስለሆነ አያስቸግርም ማለት አይደለም። ፕሮቲኑን ግን አትከልክሉት፣ የገፋ ታማሚ ክብደቱ ቶሎ ይቀንሳል። ቀን ላይ ቀለል አድርጋችሁ ሽሮውንም እንቁላሉንም ወደ እራት ማዞር ብዙዎችን ይረዳል። የብረት ኪኒን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ከሌቮዶፓው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራቅ።

ፆምን በተመለከተ፦ ኪኒኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጠብቅም። የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ፤ ሕመምተኛ አለመፆም እንደሚፈቀድለት እሳቸው ለታማሚው ያስረዳሉ። ከልጅ ይልቅ ከቄሱ አፍ ሲሰሙት አባት እናት ይቀበላሉ። በረመዳንም እንዲሁ ነው፤ ኢማሙን ጠይቁ።

ባቄላ ፓርኪንሰንን ያድናል የሚባለው እውነት ነው?

መሠረት አለው። ባቄላ ውስጥ፣ በተለይ እሸቱና ቅርፊቱ ላይ፣ ሌቮዶፓ በተፈጥሮው አለ። ችግሩ መጠኑ ከማሳ ማሳ፣ ከዘር ዘር ይለያያል። ዛሬ የበላው ስንት እንደሰጠው አይታወቅም። ኪኒኑ ላይ ተደርቦ ሲገባ ሊያወራጨውም ይችላል። ደግሞ ባቄላ ራሱ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ በወጉ ይብላ፣ መድኃኒቱን ግን አይተካም፤ አያድንምም። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ባቄላ በዘር በሚወረስ የደም ችግር ምክንያት ደም ያፈርሳል፤ ቤተሰቡ ውስጥ ይህ ካለ ጭራሽ አይነካ።

ጸበል እስኪጨርሱ መድኃኒቱን ያቁሙ ተባልን። ምን እናድርግ?

አታቁሙ። ይህን የምለው ጸበሉን ተቃውሜ አይደለም። ሌቮዶፓ በአንዴ ሲቋረጥ ሰውነት እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ከፍተኛ ትኩሳት ይመጣል፣ ሰው ይቀባዥራል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ሰው ይሞታል። ኪኒኑን በጸበሉ ይዋጡት። መጠመቅ ካለባቸው ደግሞ መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት፣ ተቀምጠው፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው ይሁን። ቀዝቃዛ ውኃ ጡንቻን ያኮማትራል፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል።

እናቴ ሌሊት የሌሉ ሰዎች ያያሉ፣ ያዋራሉ። እብደት ነው?

አይደለም፤ የመንፈስም ነገር አይደለም። የገፋ ፓርኪንሰን ላይ የተለመደ ነው፣ ከበሽታውም ከመድኃኒቱም ይመጣል። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ በድንገት ከተቀባዠረ ግን መጀመሪያ ሌላ ምክንያት ፈልጉ። የሽንት ኢንፌክሽን አንደኛ ነው። ትኩሳት ሳይኖር፣ ሽንት ሳያቃጥል ጭምር ይመጣል። ቀጥሎ የውኃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት፣ የሳንባ ምች፣ ወድቆ ጭንቅላት መመታት። ከዚያ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት።

አርቴን ወይም ትራይሄክሲፌኒዲል የሚባለው ኪኒን ከጥንት ጀምሮ እየተወሰደ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ለሚንቀጠቀጥ ወጣት ጥሩ ሊሆን ይችላል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ግን ያደናግራል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ በመጀመሪያ ቀስ በቀስ የሚያስወጣው እሱን ነው።

እዚህ ላይ ነው አደጋው ያለው። ድንገተኛ ክፍል ሲወሰዱ ለማረጋጋት ሃሎፔሪዶል ወይም ክሎርፕሮማዚን ይወጋሉ። ሁለቱም ዶፓሚንን ይዘጋሉ። የፓርኪንሰን ታማሚ ይደርቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ወደ ነበረበት ለመመለስ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ሪስፐሪዶንና ኦላንዛፒንም ያባብሳሉ። የግድ መድኃኒት ካስፈለገ የሚመረጡት በትንሽ መጠን ኩየቲያፒን፣ ወይም ደም እየተመረመረ የሚሰጠው ክሎዛፒን ናቸው።

ቤት ውስጥ ግን «የለም እኮ!» እያላችሁ አትከራከሩ። «እኔ አይታየኝም፣ ግን አብሬሽ አለሁ» በሉ። መብራት አብሩ። ጥላ የሚጥለውን መጋረጃና መስታወት አንሱ። ካላስፈራቸው፣ ለምሳሌ የሚያዩት ልጆች ሲጫወቱ ከሆነ፣ ሐኪሙ ምንም መድኃኒት ላይጨምር ይችላል።

ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል። ፕላሲል እንስጠው?

በፍጹም። ፕላሲል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ በየፋርማሲው በቀላሉ ይገኛል፤ ፓርኪንሰንን ግን ያባብሳል። ፕሮሜታዚንም እንደዚያው። ዶምፐሪዶን አንጎል ውስጥ ብዙም ስለማይገባ ይሻላል፤ የልብ ችግር ካለ ግን ሐኪም ሳያይ አይሆንም።

ሲበላ ያንቀዋል፣ ሲጠጣ ያስለዋል።

ይህን አቅልላችሁ አትዩት። የገፋ ፓርኪንሰን ታማሚን ከሚገድሉት ዋናው ምግብ ወይም ምራቅ ወደ ሳንባ ገብቶ የሚያመጣው ምች ነው። አንዳንዱ ሳያስለው ይገባበታል። ከጠጣ በኋላ ድምፁ ውኃ ውኃ ካለ፣ ማታ ማታ ካሳለ፣ ወይም በተደጋጋሚ ትኩሳት ካለው ጠርጥሩ።

መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት አብሉት፤ በደረቀበት ሰዓት ጉሮሮውም ይደርቃል። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ሲውጥ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ ያድርግ። ቴሌቪዥን ይጥፋ፣ ወሬ ይቁም። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይተኛ ይቆይ። ከሁሉም የሚያስቸግረው ቀጭን ፈሳሽ ነው፣ ውኃና ሻይ። ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላል። ገንፎ ለስለስ ተደርጎ፣ እንጀራ በወጥ ፍትፍት ተደርጎ ይሁን። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ደረቅ እንጀራና የማይታኘክ ሥጋ ይቅር።

ጉርሻ ደግሞ ይነስ። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ በፍቅር ትልቅ ጉርሻ ያጎርሳል፤ ታማሚውም እምቢ ማለት ይከብደዋል። እናንተ ተናገሩላቸው። የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል፣ የመጀመሪያው ተውጦ አፍ ባዶ መሆኑ ከታየ በኋላ ሌላ። ጥርሱንና ምላሱን በቀን ሁለት ጊዜ አጽዱ። አፍ ንጹሕ ሲሆን ሳንባ ላይ የሚወርደው ጀርም ይቀንሳል።

ሽንት ቤት በር ላይ እግሩ መሬት ላይ ይጣበቃል። እንጎትተው?

አትጎትቱት፣ ይወድቃል። በር፣ ጠባብ ቦታና ማዞሪያ ላይ መጣበቅ የበሽታው ጠባይ ነው። እንዲህ አድርጉ። «ቁም» በሉት። ይተንፍስ። ክብደቱን ወደ ቀኝ ወደ ግራ እያዛወረ ይወዛወዝ። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሂድ»። ወይም እግራችሁን ፊቱ አድርጋችሁ «ተሻገረኝ» በሉት። ይገርማል፣ ደረቅ መሬት ላይ መራመድ ያቃተው ሰው እንቅፋት ሲሻገር ይራመዳል። በሩ ሥር በተለየ ቀለም ፕላስተር ጎን ለጎን መስመር ለጥፉ፤ መስመሩን እየተሻገረ ይገባል። መዝሙር ወይም ምት ያለው ዘፈንም ያግዛል። ሲዞር በአንድ እግሩ አይሽከርከር፣ ሰፋ አድርጎ ይዙር። ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ፣ የስልክ ሽቦ ከመንገዱ ይነሳ። ነጠላ ጫማ ይቅርና የሚታሰር ወይም የሚይዝ ጫማ ያድርግ። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ከሆነ አናጢ መሀሉ ክፍት የሆነ ወንበር ይሥራላችሁ፤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከአልጋ ሲነሳ ዓይኑ ይጨልምበታል።

ከተኛበት ተነስቶ ሲቆም ደም ግፊቱ ይወርዳል። ተኝቶ ለኩት፣ ቆሞ ሦስት ደቂቃ ሲሆነው ድገሙት። የላይኛው ቁጥር 20 እና ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪሙ አሳዩ። ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ፦ ከዓመታት በፊት የታዘዘ የደም ግፊት ኪኒን አሁንም እየተወሰደ ነው። ፓርኪንሰኑ ግፊቱን ዝቅ አድርጎታል፣ ኪኒኑ ደግሞ ይበልጥ ያወርደዋል። ሐኪሙ እንዲያየው ጠይቁ። ቤት ውስጥ በደረጃ ይነሳ፤ ትንሽ ይቀመጥ፣ እግሩን ያወዛውዝ፣ ከዚያ ይቁም። የአልጋውን ራስጌ ከፍ አድርጉ።

የሆድ ድርቀት?

ተልባ፣ ውኃ፣ ፍራፍሬ። ሦስት ቀን ካለፈ ለሐኪም ይነገር። ሆድ ሲዘጋ ሌቮዶፓውም በወጉ አይገባም።

ፊቱን ያኮሳትራል፣ አያወራንም። ተቀይሞን ነው?

የፊት ጡንቻ ስለደረቀ ነው። ድምፁም ስለደከመ እየተናገረ ላይሰማ ይችላል። ፊቱን አይታችሁ ስሜቱን አትፍረዱ፣ ጠይቁት። መልስ እስኪያወጣ ጊዜ ስጡት፤ ዓረፍተ ነገሩን አትጨርሱለት። ድብርት ግን በፓርኪንሰን በጣም የተለመደ ነው፣ መድኃኒትም አለው። ማልቀስ፣ እንቅልፍ ማጣትና «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ካበዛ ለሐኪም ንገሩ።

ቀዶ ሕክምና ወይም ፓምፕ ይረዳዋል?

አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ ማስገባት በ1987 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይዋ ግሬኖብል በቤናቢድና ባልደረቦቹ የተጀመረ ነው። በጥቅሉ የሚያሻሽለው ሌቮዶፓ የሚያሻሽለውን ነው። መድኃኒቱ ሲሠራ እንኳ የሚወድቅን፣ የመርሳት ችግር የጀመረውን ሰው አይመልስም። ለዚህ ነው ቀደም ብሎ መጠየቅ ያለበት። ሌቮዶፓን ቀኑን ሙሉ ወደ አንጀት የሚያፈስ ፓምፕ አለ። ከቆዳ ሥር የሚሰጠው ዓይነት ደግሞ በአሜሪካ በ2024 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል። አገር ቤት እነዚህ በቀላሉ የሚገኙ አይደሉም። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል ያላችሁ ግን የእንቅስቃሴ መዛባት ስፔሻሊስት ጋ እንዲላክ ጠይቁ፤ ጠቅላላ ሐኪሙ ራሱ ላያነሳው ይችላል።

ሆስፒታል ቢተኛ ምን እናዘጋጅ?

አንድ ወረቀት። በትልቅ ፊደል ጻፉና ራስጌው ላይ ለጥፉት፦

«ፓርኪንሰን አለበት። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ፕላሲል፣ ፕሮሜታዚን አይሰጠው። መድኃኒቱን በነዚህ ሰዓታት ይወስዳል፦»

ከሥሩ ሰዓቶቹንና መጠኑን ዘርዝሩ። የራሱን መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ፤ የሆስፒታሉ ፋርማሲ ላይኖረው ይችላል። ለቀዶ ሕክምና «ምንም በአፍ አይግባ» ከተባለ ስለ ሌቮዶፓው ለይታችሁ ጠይቁ።

እህቴ ናት የምታስታምመው። ደክሟታል።

የምታለቅስ ከሆነ፣ የምትጮህበት ከሆነ፣ ራሷ ሐኪም ቤት መሄድ ካቆመች ከድካም አልፏል። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ሌላ ሰው ይተካት። «ስትፈልጊ ንገሪኝ» አይጠቅማትም። «ቅዳሜ እኔ ነኝ» ይጠቅማታል። ውጭ ያላችሁ፣ ገንዘቡ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ሥራም ውሰዱ። መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት መከታተል፣ የሐኪም ቀጠሮ ማስያዝ፣ ማታ ማታ ደውሎ አባትን ማጫወት። የዕድር ሰዎችንም ለመጠየቅ ብቻ ሳይሆን ለሁለት ሰዓት እንዲቀመጡ ለምኑ። አዲስ አበባ ውስጥ ራሷ ፓርኪንሰን ያለባት ክብራ ከበደ የመሠረተችው የፓርኪንሰን ታማሚዎች ደጋፊ ድርጅት አለ። ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር መገናኘቱ ብቻውን ብዙ ያቀላል።

አሁን ከአልጋ አይነሳም። ምን ቀረን?

ብዙ ነገር። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት። ተረከዙን ትራስ ከፍ ያድርገው፣ አንሶላው አይጨማደድ። ጀርባው ግርጌ፣ ዳሌውና ተረከዙ ላይ መቅላት መኖሩን በየቀኑ እዩ። ቀይ ሆኖ ሲጫኑት የማይነጣ ከሆነ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው።

በአፍንጫ ወይም በሆድ ቱቦ ስለመመገብ ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ከተቻለ እሱ ራሱ መናገር እያለ። ቱቦው ምራቅ ወደ ሳንባ እንዳይገባ አያደርግም፣ ይህን አውቃችሁ ወስኑ። መዋጥ ቢያቅተውም ሌቮዶፓውን በአንዴ አትተዉት። ተራው ኪኒን በውኃ ተበጥብጦ በቱቦ ሊሰጥ ይችላል፤ እንዴት እንደሚሰጥ ሐኪሙ ያሳያችሁ።

ሕመሙንም ጠይቁ። ድርቀቱ ራሱ ያማል፣ ታማሚው ግን ላይናገር ይችላል። ሲያገላብጡት ፊቱ ከተጨማደደ ወይም ካቃሰተ ለሐኪሙ ይነገር። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ እየሄደ የማስታገሻ እንክብካቤ ይሰጣል። እዚህም ቢሆን ያ ወረቀት አይውረድ፤ በመጨረሻ ቀናት ለማቅለሽለሽና ለመቀባዠር ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሃሎፔሪዶል ስለሆነ፣ ለሚመጣው ነርስ ሁሉ አሳዩ።